ጉጠት ያኘካቸው ነገሮች

ጥቅምት 6 ቀን

ለተወደድሽው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደረጃ ስወጣ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወንድምሽ ደህና ነው፤ የወንድምሽ ሚስትም ደህና ናት። ደህና ያልሆነው ጫማዋ ነው።

ስለ ውሻው ለምን ዝም አልክ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ዝም ያልኩት የሚነገር ጠፍቶ ሳይሆን በዝቶብኝ ነው። ጉጠት ሰባት ወር ሞላው። ስሙን ያወጣሁለት ገና ቡችላ ሳለ የሱሪዬን ጫፍ ነክሶ አልለቅም ሲለኝ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ሚስማር እነቅልበት የነበረው ጉጠት ትዝ አለኝና። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? አሁን ቤቱ ውስጥ ያልያዘው ነገር የለም። በዚህ ወር ብቻ የወንድምሽን ነጠላ ጫማ፣ ሚስቱ ለሆስፒታል ሥራ የምታደርገውን ነጭ ጫማ፣ የቦርሳዋን ማንገቻና የቴሌቪዥኑን ሪሞት አኝኳል። ሪሞቱ አሁንም ይሠራል፤ ድምፅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሐሙስ ማታ ራት ላይ ወንድምሽ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «አባባ፣ እስከ ኅዳር ሠላሳ እታገሣለሁ። በዚያ ቀን ስጠይቅ አሁንም ነገር እየበላ ከሆነ ለእንጨት መጋዘኑ ዘበኛ እሰጠዋለሁ። እዚያ የሚያኝከው ሞልቷል» አለኝ። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ፤ በስድስት ዓመቱ «ሁለተኛ ወተት አልጠጣም» ብሎ ይኸው እስከ ዛሬ አልጠጣም። ሚስቱ ሳህኗን እያየች ዝም አለች። ዝምታዋን ሳይ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳታወሪው። እናትሽ ካረፈች፣ ሱቄንም ዘግቼ እዚህ ወንድምሽ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቀን ቀን የማወራው ከዚህ ውሻ ጋር ብቻ ነው። እነሱ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሥራ አላቸው፤ ጠዋት ወጥተው ማታ ደክሟቸው ይገባሉ። ውሻው ከሄደ ከማን ጋር እንደማወራ አላውቅም።

አንቺ የእንስሳት ሐኪም ነሽ። ያን ሁሉ መንጋ የሚከትብ ሰው የአንድ ውሻ አፍ ማስያዝ አያቅተውም። መቼም ስልክ እናንተ ጣቢያ ድረስ አይደርስም፤ ይህን ለክትባት መኪናው ሾፌር እሰጠዋለሁ። መቼ እንደምትመጪም ጻፊልኝ።

አባትሽ


ጥቅምት 9 ቀን

አባባ፣

ደብዳቤዎ ቀዝቅዞ ደረሰኝ። ሾፌሩ እንዳይጠፋበት ብሎ ከክትባቱ ጋር በረዶ ሳጥን ውስጥ ከቶት ነበር። እያነበብኩ ስለ ሪሞቱ ሳቅኩ፤ ወደ መጨረሻው ግን ሳቄ ቆመ።

ጤናዬ ደህና ነው፣ በደንብ እበላለሁ። የምመጣበትን ቀን በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ወደ ጉጠት ልለፍ። መድኃኒት ከማዘዜ በፊት በሽተኛውን ልጠይቅ፤ እሱ አይናገርምና እርስዎ ይመልሱልኝ። በቀን ስንት ጊዜ ይወጣል? የሚያኝከው የራሱ የሆነ ነገር አለው? ሲያጠፋ ምን ታደርጉታላችሁ? ደግሞም፣ አይቆጡኝና፣ አሮጌ ጫማ ሰጥተውታል?

ልጅዎ


ጥቅምት 13 ቀን

ልጄ፣

ማን ነገረሽ? ወንድምሽ ጽፎልሻል?

አዎ ሰጥቼዋለሁ። ሱቁን ስዘጋ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ጫማዎች አንድ ከረጢት ሙሉ ነበሩኝ። አንዳንዱ አሥር ዓመት ጠብቋል። መጣል አልሆነልኝም፤ የሰው አደራ ነው። አልጋዬ ሥር አስቀመጥኳቸው። ጉጠት ጥርስ ሲያወጣ ጊዜ ከዚያ አንዷን ሰጠሁት፤ ስታልቅበት ሌላ። ድርሻው ነው ብዬ ነው። የራሱ ድርሻ ያለው የሰው ድርሻ አይነካም ብዬ አሰብኩ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ አርባ ዓመት ጫማ ሰፍቻለሁ። አሮጌና አዲስ ጫማ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ፤ በጠረኑ፣ በክብደቱ፣ በተረከዙ። ይህ ውሻ ከእኔ አሥር እጥፍ የሚያሸት አፍንጫ አለው ትያለሽ። ታዲያ የሞተን ጫማ ካልሞተ እንዴት አይለይም?

በቀን አንዴ አወጣዋለሁ፤ እስከ ጥጉ ድረስ፣ ጉልበቴ እንደፈቀደ። ሲያጠፋ እኔ እቆጣዋለሁ። ወንድምሽ ማታ ከሥራ ሲገባ በነጠላ ጫማ ይመታዋል፣ ከዚያ ያንኑ ነጠላ ጫማ መሬት ላይ ትቶት ይተኛል። የተመታበትን ባይበላው ነበር የሚገርመኝ።

መቼ እንደምትመጪ አልጻፍሽልኝም።

አባትሽ


ጥቅምት 16 ቀን

አባባ፣

ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ተራ ስጠብቅ ነበር፤ ደረሰኝ።

ለእርስዎ አሮጌ ጫማ የሞተ ጫማ ነው። ለጉጠት ሁሉም ቆዳ፣ ማስቲሽና የሰው እግር ነው። ልዩነቱን ያሸታል፤ ልዩነቱ ለምን እንደሚያስቆጣ ግን ማን ነገረው? በአንዱ «ጎበዝ» ብለው በሌላው «ወየውልህ» ሲሉት የሚማረው ሁለት ነገር ነው፦ ጫማ ጥሩ ነገር እንደሆነና የሰው ጠባይ እንደማይታወቅ።

ስለዚህ ከረጢቱ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። አደራም ቢሆን ይውጣ። ጫማ ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባና በሩ ይዘጋ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። በምትኩ ጫማ የማይመስል፣ ጫማ የማይሸት ነገር ይስጡት። ወፍራም ገመድ ሁለት ቦታ ቋጥረው፣ ወይም ቀዳዳ ያለው የጎማ ኳስ ውስጥ ዳቦ ጠቅጥቀው። የማይገባ ነገር ይዞ ካገኙት አያባሩት፤ ማባረር ለእሱ ጨዋታ ነው። ጠርተው ገመዱን ያሳዩት፣ ሲለቅ ያመስግኑት።

ወንድሜን ደግሞ ማታ የሚመታው ቀን ላጠፋው መሆኑን ውሻው እንደማያውቅ ይንገሩልኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። የወንበር እግርና የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሬት ይቀቡ። ጠዋት ጠዋት እነሱ ከመውጣታቸው በፊት ሰፋ አድርገው ያዙሩት፤ ጉልበትዎን ካመመዎ ቁጭ ብለው ኳስ ይወርውሩለት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ትንሽ ደብተር ይያዙ። የሆነ ነገር ባኘከ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተኘከውን ይጻፉ። ለእኛ እዚህ ሥራው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከመርፌው በፊት መዝገብ ይቀድማል።

ልጅዎ


ኅዳር 4 ቀን

ልጄ፣

ሁለት ቅዳሜ ሳልጽፍልሽ አለፈ፤ ይቅር በይኝ። የመጀመሪያውን የተውኩት የምሥራች ትንሽ ይጠናቀቅልኝ ብዬ ነው፣ ሁለተኛውን ደግሞ የምሥራቹ ስላበቃ።

ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ከረጢቱን አውጥቼ ለጫማ ሰፊ ጎረቤቴ ሰጠሁት። ገመዱን ቋጠርኩለት። ሬቱንም ቀባሁ። ጉጠት አንዴ ልሶ፣ ፊቱን አኮማትሮ ተወው። ወንድምሽ ግን ወንበሩን በእጁ ስቦ ተቀምጦ ዳቦውን ቆርሶ በላ። ያን ቀን ከውሻው ይልቅ እሱ ነው የጮኸው። ሚስቱ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ኩሽና ሮጠች። እሷ ስትስቅ ያየሁት ስንት ጊዜ ነው ብዬ ብቆጥር ጣቴ ይተርፋል።

ከጥቅምት 18 ጀምሮ ምንም አልነካም ነበር። ወንድምሽ እንኳ አንድ ማታ ጭንቅላቱን ዳሰሰው። ከዚያ እንደገና ጀመረ። ደብተሩን ገልብጬልሻለሁ፦

ጥቅምት 23፣ የመነጽሬ ማህደር።
ጥቅምት 26፣ ኮፍያዬ።
ጥቅምት 30፣ የትራሴ ልብስ፣ ጥጥ እስኪወጣ።
ኅዳር 3፣ የመግቢያው በር መቃን፣ ከታች አንድ ክንድ ያህል።

ሰዓቱን አልጻፍኩም፤ እኔ ዞር ባልኩበት ስለሆነ አላየሁትም። ማህደሩና ኮፍያው የእኔ ስለሆኑ ለማንም አልነገርኩም፤ ትራሱንም ራሴ ሰፋሁት። መቃን ግን አይደበቅም። ወንድምሽ በጣቱ ዳሰሰውና «ኅዳር ሠላሳ» አለኝ።

ገመዱ አለው፣ ኳሱ አለው፣ ጫማ አያይም። ምኑን ነው ያጠፋሁት?

አባትሽ


ኅዳር 7 ቀን

አባባ፣

የቀን መቁጠሪያ ከጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። ደብተርዎን ከእሱ ጋር አስተያየሁት። ማክሰኞ፣ ዓርብ፣ ማክሰኞ፣ ዓርብ። ሰኞ የለም፣ ረቡዕ የለም፣ እሑድ የለም። ውሻ ቀን አይቆጥርም። የሚቆጥረው ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ የተኘኩትን ይመልከቱ። የወንድሜ ነገር የለም፣ የሚስቱም የለም። ማህደርዎ፣ ኮፍያዎ፣ ትራስዎ፤ ሁሉም እርስዎን የሚሸቱ ናቸው። ከዚያ ደግሞ እርስዎ የወጡበት በር። ይህ የድሮው ጥፋት አይደለም፣ ጥጋብም አይደለም። ፈርቶ ነው። ብቻውን ሲቀር እርስዎን ይፈልጋል፤ ሽታዎን ሲያገኝ ይነክሰዋል፣ ሲያጣዎት በሩን ይበላል።

ማክሰኞና ዓርብ የት ነው የሚሄዱት?

ሐኪም ቤት ከሆነ ለእኔ ይንገሩኝ። እለምንዎታለሁ። የዓይንዎም ይሁን የልብዎ፣ ይንገሩኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 11 ቀን

ልጄ፣

ሐኪም ቤት አይደለም። ዓይኔ ያያል፣ ልቤም ይመታል፤ አትጨነቂ።

የጠየቅሁሽ ስለ ውሻው ነው። ሽማግሌም ቢሆን ሰው የሚሄድበት አያጣም። አንቺስ ብትሆኚ? መቼ ትመጫለሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልሽ፤ «በሌላ ጊዜ» ትያለሽ፣ ወይም ዘለሽው ታልፊያለሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ አባትሽ ነኝ፤ የጠፋብሽን መርፌ በአካሄድሽ የማውቅ ሰው ነኝ።

ማክሰኞ የአልጋ ልብሴን፣ ትናንት ዓርብ ደግሞ ያንኑ መቃን በላ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። የምትይኝ ካለ ስለ ውሻው በይኝ።

አባትሽ


ኅዳር 14 ቀን

አባባ፣

ልክ ነዎት፤ ደብቄዎታለሁ።

በታኅሣሥ መመለስ ነበረብኝ። አልመለስም። ለአንድ ዓመት ተጨማሪ ፈርሜያለሁ፤ የፈረምኩት የመጀመሪያ ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ነው። ማንም አላስገደደኝም። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ሰዎቹ ከብታቸውን ይዘው ሁለት ቀን ተጉዘው ይመጣሉ፤ እኔ ከሌለሁ የሚያዩት የተዘጋ በር ነው። እርስዎ ብቻዎን እንደሆኑ እያወቅሁ መፈረሜን ግን በምን አፌ እንደምነግርዎ ስላጣሁ ነው በጠየቁኝ ቁጥር ስለ ውሻ የጻፍኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እኔ ተናግሬያለሁ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።

እስከዚያ ለጉጠት ይህን ያድርጉለት። ተደብቀው አይውጡ፤ ሲደበቁ ይብስበታል። ቁልፍዎን አንስተው ተመልሰው ይቀመጡ። ኮትዎን ለብሰው ሻይ ይጠጡ። በሩን ከፍተው ወጥተው እስከ አሥር ቆጥረው ይግቡ፤ ሲገቡ እንደ ሠርገኛ አይቀበሉት፣ ዝም ብለው ኮትዎን ይስቀሉ። ነገ እስከ ሃምሳ፣ ከነገ ወዲያ ደረጃውን ወርደው። የለበሱትን ሸሚዝ ሳያጥቡ መኝታው ላይ ይተዉለት፤ እሱን ቢያኝከው ይፈቀድለታል። መሄድዎ መመለስ እንዳለው እንዲያምን ነው ሥራው ሁሉ።

ልጅዎ


ኅዳር 18 ቀን

ልጄ፣

ዓመት መጨመርሽን ስትጽፊልኝ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና አንድ ቀን ሙሉ አላወጣሁትም። ተቀይሜሻለሁ። በመፈረምሽ አይደለም፤ አባትሽ እውነት ሲነገረው የሚሰበር ሰው መስሎ ስለታየሽ ነው። የተዘጋ በር ያልሽው ግን ገባኝ። እኔም ሱቄን ስዘጋ ሰው መጥቶ በሩን አይቶ ሲመለስ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አይቻለሁ። ቆይ እዚያው፤ ሥራሽን ሥሪ።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ከድሮው ሱቄ ጎን አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ባሏ የሞተባት፤ ታስታውሻታለሽ፣ ከረሜላ ትሰጥሽ ነበር። ጓሮዋ ውስጥ አንድ ባዶ ክፍል አላት። ልከራየው ተስማምቻለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ወንድምሽም ሚስቱም ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ስለሆኑ ማንም ሳያየኝ ወጥቼ ግድግዳውን ኖራ እቀባለሁ፣ በሩን አበጃለሁ። ኅዳር ሠላሳ ሲመጣ «ውሻው ይሂድ» ቢሉኝ፣ «አብረን ነን» ብዬ ለመውጣት ነው። ወንድምሽ ቀን ቆረጠ፣ እኔም ቀን ቆረጥኩ። ያባቱ ልጅ ነው፤ እኔም የልጄ አባት ነኝ።

ውሻው አደብ ገዝቶ ሳለ ለምን ክፍል ፈለግህ ትይኛለሽ። ይህን ለመጻፍ ብዕሩን ሁለቴ አስቀምጫለሁ። በእነሱ ቤት ሁለት ዓመት እንግዳ ነኝ። ማንም ሂድ አላለኝም፤ ቆይም ያለኝ የለም። የቡና ስኒ እንኳ ብሰብር ተደብቄ ነው ስብርባሪውን የምጥለው። እናም ውሻውን አስቀድሜ እኔ ልወጣ አሰብኩ፤ በእሱ ስም መውጣት ቀለለኝ።

አሁን አንቺ ስትነግሪኝ ነው ያየሁት። ለእሱ ብዬ በሄድኩ ቁጥር እሱን ብቻውን ትቼ፣ እሱም በሩን እየበላ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ በአባትሽ ደረሰ።

አሥር መቁጠሩን ጀምሬያለሁ። ኮት ለብሼ ሻይ ስጠጣ የወንድምሽ ሚስት አየችኝና ምንም አላለችም። አሁን እስከ ደረጃው መጨረሻ ደርሰናል፤ አይጮህም። ግን ክፍሉን አልተውኩትም። በሩ አልቋል፤ የቀረው መስኮቱ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።

አባትሽ


ኅዳር 21 ቀን

አባባ፣

ለማንም አልናገርም። ቃሌ ነው።

አይውጡ ብዬ ልከራከርዎም አልችልም፤ እኔ ራሴ ዓመት ፈርሜ የቀረሁ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበልዎ። ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ትናንት እንደገና አነበብኳቸው። የወንድሜ ሚስት ዝም አለች፣ ሳህኗን አየች፣ ምንም አላለችም ይላሉ። የተናገረችውን አንዲት ቃል ግን ጽፈውልኝ አያውቁም። ምን ትላለች? ዝም ያለ ሰው ሁሉ ሂድ ማለቱ አይደለም። እርስዎም እኮ እዚያ ቤት ውስጥ ዝም ነው የሚሉት።

ጉጠትን በተመለከተ፣ አዲሱ ክፍልም ቢሆን በር አለው። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እዚያም ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ የትም ብትኖሩ መቁጠሩን አያቋርጡ።

እስከ ሠላሳ ሌላ መኪና አይመጣም። የሆነውን ሁሉ፣ ሳያሳጥሩ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለተወደድሽው ልጄ፣

ሳላሳጥር እጽፍልሻለሁ፤ ሾፌሩም ይጠብቀኛል፣ ሻይ ጋብዤዋለሁ።

ጉጠት ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አልነካም ነበር። ኅዳር 21 እና 24 ስወጣ ሸሚዜን ትቼለት፣ ስመለስ ላዩ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ኅዳር 28፣ ማክሰኞ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ መስኮቱን ልገጥም ሄድኩ። መስታወቱ አልገባ አለኝና አመሸሁ። ስመለስ የወንድምሽ ሚስት ከእኔ ቀድማ ገብታለች፤ ከሥራ በጊዜ ለቀዋት ነው። ወለሉ ተጠርጓል። ጉጠት ጥጉ ላይ ጆሮውን ጥሎ ተጋድሟል። «ደህና ዋልሽ?» አልኳት፤ «ደህና» አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሆስፒታል ስትወጣ እግሯን አየሁ። አንቺ ልማዴን ታውቂያለሽ፣ ሰው ሲገባ ፊቱን ከማየቴ በፊት እግሩን ነው የማየው። ተረከዙ ያለቀ አሮጌ ነጭ ጫማ አድርጋለች። አዲስ ከገዛች ገና ወር አልሞላትም። «ምነው፣ አዲሱስ?» አልኳት። «ይቆነጥጠኛል» አለችኝ። «አምጪው፣ በእንጨት የእግር ቅርጽ ላይ ልወጥርልሽ፤ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው» አልኳት። «ግዴለም አባባ፣ ይለቃል» ብላ ሮጣ ወረደች። እኔም አመንኳት። ጫማ መጀመሪያ ይቆነጥጣል።

ሐሙስ ሠላሳ ሆነ። ራት ላይ ተቀመጥን። ቁልፉ በኪሴ ነው፣ ልብሴም ግማሹ ታጥፏል። ወንድምሽ በልቶ ሲጨርስ አፉን ጠረገና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሚስቱ ዞረ። «ያንቺ ዕቃ ነው የሚበዛው። ከመቃኑ ወዲህ የነካው ነገር አለ?» አላት። እሷ ቀና ብላ አየችውና፣ «ምንም» አለች። «ምንም?» «ምንም አልነካም።» ወንድምሽ ትከሻውን ነቀነቀና፣ «በቃ እንግዲህ፣ ታርሟል» አለ። አሁን ለሥራ ባልደረቦቹ ውሻ እንዴት እንደሚታረም የሚያስተምረው እሱ ነው አሉ።

ደስ አለኝ። ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አላረፈም፤ ክፍሉን መተው አለመተው ሌሊቱን ስገለባበጥበት አደርኩ።

ትናንት ዓርብ ቆሻሻ ላወጣ ቅርጫቱን ሳነሳ ከሥሩ አንድ ጥቅል አገኘሁ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ገና ሳልፈታው አወቅሁት። አርባ ዓመት ጫማ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለሰው ስሰጥ የኖርኩ ነኝ፤ ክብደቱ እጄ ላይ ሲያርፍ አላውቅም? ፈታሁት። አዲሱ ነጭ ጫማ ነው። የግራው ምላስ የለም፣ የቀኙ ጀርባ እስከ ሶሉ ተበልቷል። እንኳን እኔ፣ ጫማውን የሠራው ፋብሪካም አያድነው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጉጠትን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። ምን ልላት እንደነበር እኔም በእርግጥ አላውቅም። እሷ ግን ቀደመችኝ። «እኔ መቼም ምስጢር አይበረክትልኝም። ባለፈው ሳምንት ያቺ ነርስ ምራትህ መጥታ ነበር» አለችኝ። ክፍሉን አይታዋለች። ክረምት ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ጠይቃለች። ሌሊት ይበርዳል ወይ፣ መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ነው ወይ፣ ጉልበቱን ያመዋልና ደረጃ አለው ወይ ብላ ጠይቃለች። ከዚያ አዲስ የቀባሁትን ግድግዳ በእጇ ነክታ ብዙ ቆማ፣ «መጥታ ነበር እንዳትይው» ብላት ሄደች። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅሁም። ልብሴን የምታጥበው እሷ ናት፤ ኖራ ከሱሪ ቶሎ አይለቅም።

አንቺ ምን ትላለች ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? ያየሽ እንደሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰማሁት ቃሏ ሁሉ ትልቁ «ምንም» የሚለው ነው። ባሏን ዋሸችው። ልጄን የሚዋሸው ሰው ቢኖር የምቆጣ ሰው ነበርኩ፤ በዚህኛው ግን አልቻልኩም። የዋሸችው ውሻውን ወድዳ አይመስለኝም፤ እስከ ዛሬም ሲያልፍ ቀሚሷን ትሰበስባለች። እንዳልሄድባት ነው። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታዋን ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ ቋንቋ ስተረጉመው ኖርኩ። አፍሬያለሁ ልጄ፤ ላንቺ ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ነው።

ቁልፉን መለስኩ። ልብስ ሰፊዋ ክፍሉን የልብስ ማስቀመጫ ታደርገዋለች፤ በሩ ጥሩ በር ነው፣ አትጎዳም።

ማታ ወንድምሽ ቴሌቪዥን ሲያይ እኔ ሳህን ይዤ ኩሽና ገባሁ። እሷ እያጠበች ነው። ስለ ጫማው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ፣ ጀርባዋን ሳትመልስ። «አባባ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሚሄዱበት ካለ ጉጠትን ይዘውት ይሂዱ። ብቻውን አይተዉት። ደግሞ ሲመሹ ይንገሩን፤ እኛም እንሰጋለን» አለችኝ።

ስምንት ዓመት የወንድምሽ ሚስት ሆና ስትኖር አንድም ቀን በዚህ ስም ጠርቻት አላውቅም።

«እሺ፣ ልጄ» አልኳት።

ውኃውን ዘጋችው። ፊቷን በክንዷ ጠረገችና መልሳ ከፈተችው።

አባትሽ